ሰዓት ያልተጻፈበት ቁጥር፦ ጉበት ለተተከለለት ልጅ የፈንገስ መድኃኒት መጠን ክትትል

«ቮሪኮናዞል 4.8 ሚሊግራም በሊትር» የሚል የፈንገስ መድኃኒት የደም መጠን ውጤት ከላቦራቶሪ መጣ እንበል። ደሙ የተቀዳው ልጁ የጠዋቱን ዶዝ ሊወስድ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ከሆነ ቁጥሩ ከሚፈለገው ክልል (ከ1 እስከ 5.5) አልወጣም፤ ወደ ላይኛው ጠርዝ ስለተጠጋ ግን በቅርብ መታየት አለበት። ከወሰደ ከ2 ሰዓት በኋላ የተቀዳ ከሆነ ያው 4.8 ሌላ ወሬ ነው። ቀጣዩ ዶዝ እስኪደርስ ከ1 በታች ወርዶ ፈንገሱ እንደልቡ እያደረ ሊሆን ይችላል። ድሬዳዋና ሐረር ላይ ሆኖ እንዲህ ያለ ልጅ የሚከታተል ሐኪም፣ ነርስ፣ ፋርማሲስት ወይም ወላጅ ከቁጥሩ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው «ስንት ሰዓት ወሰደ? ስንት ሰዓት ተቀዳ?» ብሎ ነው።

ልጆቻችን ጉበት የሚተከልላቸው ውጭ አገር ሄደው ነው፤ ኑሮውና ክትትሉ ግን እዚሁ ነው። ልጁ አንድ ፌስታል መድኃኒትና የመውጫ ወረቀት ይዞ ይመለሳል፤ ያተኮሰው ቀን የሚመጣው ድል ጮራ፣ ሳቢያን፣ ጁገል ወይም ሕይወት ፋና ሆስፒታል ነው። በዕለቱ ተረኛ የሆነው ባለሙያ ደግሞ የንቅለ ተከላ ስፔሻሊስት አይሆንም። ስለዚህ ዋና ዋናውን ነገር ሁሉም ማወቅ አለበት።

ከጉበት ንቅለ ተከላ በኋላ በብዛት የሚያጠቃው ፈንገስ ካንዲዳ ነው፤ አደጋው የሚበረታውም በመጀመሪያው ወር ነው። አስፐርጊለስ ቁጥሩ ያነሰ፣ ገዳይነቱ የከፋ ነው። ሁለተኛ ጊዜ የተከፈተ ሆድ፣ የሐሞት መፍሰስ፣ ዳያሊሲስ፣ ድጋሚ ንቅለ ተከላ፣ ሰውነት ጉበቱን እንዳይቃወም የተሰጠ ከባድ መድኃኒት፣ ሁሉም አደጋውን ያባብሳሉ። የሐሞት ቧንቧቸው ተዘግቶ የተወለዱ ሕፃናት፣ ማለትም ጉበት ከሚተከልላቸው ልጆች ብዙዎቹ፣ ሐሞታቸው በቀጥታ ከአንጀት ጋር የተገጠመ ስለሆነ የአንጀት ጀርም ሽቅብ የሚወጣበት መንገድ ሰፊ ነው።

የፈንገስ መድኃኒት ሁሉ የደም መጠን አይለካለትም። ፍሉኮናዞል ስንጨምረው በዚያው ልክ የሚጨምር፣ 80 በመቶው ሳይለወጥ በሽንት የሚወጣ የዋህ መድኃኒት ነው፤ ኩላሊትን አይቶ ዶዙን ማስተካከል አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ለካስፖፈንጂንና ለማይካፈንጂን በመደበኛነት መጠን አይለካም። ለአምፎቴሪሲን የሚታየው የኩላሊት መለኪያው ክሬአቲኒን፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም ነው። መጠናቸው መለካት ያለበት ቮሪኮናዞል፣ ፖሳኮናዞልና ኢትራኮናዞል ሲሆኑ፣ ከሦስቱ አመለኛው ቮሪኮናዞል ነው። ብዙውን ቃል ለእሱ የምናውለው ለዚህ ነው።

አመሉ ከየት መጣ? አንደኛ፣ የልጅ ጉበት መድኃኒቱን ከአዋቂ በፍጥነት ያጠፋዋል። ከ2 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በደም ሥር በመጀመሪያው ቀን 9 ሚሊግራም በኪሎ በየ12 ሰዓቱ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ 8 ሚሊግራም በኪሎ በየ12 ሰዓቱ ይወስዳል፤ በአፍ ደግሞ 9 ሚሊግራም በኪሎ፣ ከ350 ሚሊግራም ሳይበልጥ። የአዋቂው የደም ሥር ዶዝ 4 ሚሊግራም በኪሎ መሆኑን ለለመደ ሰው ይህ የተሳሳተ ትእዛዝ ስለሚመስለው ዶዙን ሊቀንሰው ይከጅላል። አይቀንስ። ከ2 ዓመት በታች ላሉት የተረጋገጠ ዶዝ የለም፤ ጉበት የሚተከልላቸው ሕፃናት ብዙዎቹ ደግሞ እዚያ ዕድሜ ላይ ናቸው። ስለዚህ እነሱ ዘንድ የደም መጠን ሳይለኩ ቮሪኮናዞል መስጠት በጨለማ መንዳት ነው።

ሁለተኛ፣ የሚሰብረው ኢንዛይም፣ ሲ-ዋይ-ፒ 2ሲ19፣ ከሰው ሰው ይለያያል። ኢንዛይሙን ከልክ በላይ ፈጣን የሚያደርገው የዘር ልዩነት፣ «ኮከብ 17» የሚባለው፣ መጀመሪያ በታወቀበት ጥናት ላይ ድርሻው በኢትዮጵያውያንም በስዊድናውያንም 18 በመቶ፣ በቻይናውያን 4 በመቶ ነበር። ስለዚህ በትክክለኛ ዶዝ መጠኑ አልነሣ ያለ ልጅ ማግኘት እኛ ዘንድ ብርቅ አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ ይህ ልጅ የራሱ ጉበት የለውም። አባቱ ከጉበቱ የግራውን ቁራጭ ከሰጠው፣ መድኃኒቱን የሚሰብረው በዋናነት የአባቱ ኢንዛይም ነው። ከልጁ ደም የሚወጣ የዘር ምርመራ ስለ አንጀቱ እንጂ ስለ ጉበቱ አይናገርም። ምርመራው የሚታሰብ ከሆነ ለጋሹም ይመርመር። ደግነቱ የደም መጠኑ ራሱ የማንንም ዘር ሳይጠይቅ እውነቱን ያወጣዋል።

ሦስተኛ፣ ልጁ በየሳምንቱ ሌላ ልጅ ነው። አዲሱ ጉበት ገና ሥራ ሲጀምር መድኃኒቱ ይጠራቀማል፤ ጉበቱ ሲያገግም መጠኑ ያለምንም የዶዝ ለውጥ ይወርዳል። ከባድ ኢንፌክሽን ኢንዛይሙን ስለሚያዳክም ሲ-አር-ፒ (በደም የሚለካ የብግነት ምልክት) ሲወጣ ቮሪኮናዞል አብሮ ሊወጣ፣ ትኩሳቱ ሲበርድ አብሮ ሊወርድ ይችላል። ከደም ሥር ወደ አፍ ሲቀየርም በልጆች ላይ መጠኑ ይወርዳል፤ አዋቂ የዋጠውን ከሞላ ጎደል ሁሉ ወደ ደሙ ሲያስገባ ልጅ ግን ግማሹን ያህል ብቻ ሊያስገባ ይችላል። ስለዚህ ከእነዚህ ለውጦች አንዱ በታየ ቁጥር እንደገና ይለካል።

ሒሳቡን በ12 ኪሎ ልጅ እንየው። 12 በ9 ሲባዛ 108 ሚሊግራም። ሽሮፑ በትክክል ሲበጠበጥ በሚሊ ሊትር 40 ሚሊግራም አለው፤ ስለዚህ 2.7 ሚሊ ሊትር ጠዋት፣ 2.7 ማታ። ይህን በሻይ ማንኪያ መስፈር አይቻልም። የ3 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ በ0.1 ስለሚከፋፈል 2.7ን በትክክል ያሳያል፤ የ5 ሚሊ ሊትሩ በ0.2 ስለሚዘል እናትየዋ 2.6 እና 2.8 መካከል ትገምታለች። ዱቄቱን በመበጥበጥ በኩል፦ ወደ ጠርሙሱ የሚገባው 46 ሚሊ ሊትር ውሃ ነው፤ አንድ ደቂቃ በኃይል ይናወጣል፤ የሚወጣው መጠቀሚያ 70 ሚሊ ሊትር ነው። «እስከ አንገቱ ሙይው» ተብሎ ቤት የተበጠበጠ ጠርሙስ ስንት ሚሊግራም እንደያዘ ማንም አያውቅም። ስለዚህ ፋርማሲው ራሱ በጥብጦ፣ የበጠበጠበትን ቀን ጽፎ ይስጥ። ከ14 ቀን በኋላ ይደፋል፤ 12 ኪሎ ላለው ልጅ በ13ኛው ቀን ያልቃልና ብክነት የለውም። ሽሮፕ ሲጠፋ 50 ሚሊግራም ኪኒን ተፈጭቶ በውሃ ይሰጣል፤ የቮሪኮናዞል ኪኒን ቢፈጭ መጠኑ አይጎዳም።

የድሬ ሙቀት እዚህ ይገባል። ያልተበጠበጠው ዱቄት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ፍሪጅ መቀመጥ አለበት፤ ከአዲስ አበባ በሻንጣ ሲመጣ በረዶ ይፈልጋል። ከተበጠበጠ በኋላ ግን ተቃራኒው ነው፦ ፍሪጅ አይገባም፣ ከ30 ዲግሪም አይለፍ። ሐረር ላይ ይህ ችግር አይሆንም። ድሬዳዋ ላይ በግንቦትና በሰኔ ከሰዓት በኋላ የቆርቆሮ ጣራ ሥር ያለ ክፍል 30ን በቀላሉ ያልፋል፤ ስለዚህ ከመስኮትና ከምድጃ ርቆ፣ ከቤቱ ቀዝቃዛ በሆነው ክፍል ወለል አጠገብ፣ ልጅ በማይደርስበት ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ከውጭ የሚመጣው ወረቀት «8:00 እና 20:00» ወይም «ጠዋት 8፣ ማታ 8» ይላል። ይህ በእኛ ከጠዋቱ 2 እና ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ወረቀቱን እንደ ሰዓታችን ያነበበ ቤተሰብ ግን ቀን በ8 እና ሌሊት በ8 ይሰጣል። ልዩነቱ አሁንም 12 ሰዓት ስለሆነ ልጁ ራሱ ላይጎዳ ይችላል፤ የሚጎዳው ልኬቱ ነው። ላቦራቶሪው ከጠዋቱ 1:30 ላይ ደም ሲቀዳ «ዶዙ ከመወሰዱ በፊት» ብሎ ይመዘግባል፤ ልጁ ግን ሌሊት በ8 ሰዓት ወስዷል፣ ማለትም ከ5 ሰዓት ተኩል በፊት። ውጤቱ ከፍ ብሎ ይመጣል፣ ሐኪሙ ዶዙን ይቀንሳል፣ ትክክል የነበረው መጠን ከሚያስፈልገው በታች ይወርዳል። ከዚህ የባሰው አባት በፈረንጅ፣ አያት በሐበሻ ሰዓት ሲያነቡት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ልጁ ወደ ቤት ሲመለስ በመጀመሪያው ቀጠሮ ወረቀቱ ላይ ያለው ሰዓት ሁሉ «ከጠዋቱ 2፣ ከምሽቱ 2» ተብሎ እንደገና ይጻፍ፣ የቀድሞው ይሰረዝ። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ 12/01 ተብሎ የተጻፈ ቀን መስከረም 12 ይሁን ጃንዋሪ 12 ወይስ ዲሴምበር 1 አይታወቅም። የወር ስም በፊደል ይጻፍ።

ምግብ ሌላው ነው። ቅባት የበዛበት ምግብ የቮሪኮናዞል ሽሮፕን ጠቅላላ መጠን በ37 በመቶ፣ ኪኒኑን በ24 በመቶ ይቀንሳል። ስለዚህ በቅቤ ገንፎ፣ በፈጢራ ወይም በወተት ሻሂ ታጅቦ የሚሰጥ ቮሪኮናዞል ሢሶው ጠፋ ማለት ነው። ሽሮፑ ከምግብ 1 ሰዓት በፊት ወይም ከ2 ሰዓት በኋላ ይሰጥ። ጠዋት በ2 ሰዓት ወስዶ በ3 ሰዓት ቁርስ መብላት ለአብዛኛው ቤት የሚመች ሥርዓት ነው። ጡት የሚጠባ ሕፃን ዘንድ ይህ አይሠራም፤ እዚያ ዋናው ነገር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ማድረግና የደም መጠኑን አይቶ ዶዙን ከልጁ ልማድ ጋር ማስማማት ነው። ታዳጊው ጫት የሚቅም ከሆነም በግልጽ ይጠየቅ። የምሽቱን ዶዝ፣ እራቱንና እንቅልፉን የሚያፈርስበት ልማድ ስለሆነ «ወስጃለሁ» የሚለው መልስ ብቻውን አያስተማምንም።

ናሙናው መቼ? በመጀመሪያው ቀን ከፍ ያለው ዶዝ ከተሰጠ ከ2ኛው እስከ 5ኛው ቀን፤ ካልተሰጠ 5 ቀን ያህል ይጠበቃል። ዶዝ ከተቀየረ ከ5 ቀን በኋላ ይደገማል። ከሚቀጥለው ዶዝ በፊት ባሉት 30 ደቂቃዎች ይቀዳል፤ ወላጅ ጠዋት መድኃኒቱን ሳይሰጥ፣ ጠርሙሱንና ሲሪንጁን ይዞ ይምጣ፣ ከተቀዳ በኋላ እዚያው ይስጥ። ሰውነት አዲሱን ጉበት እንዳይቃወም የሚሰጠው ታክሮሊመስም የሚለካው ከዶዝ በፊት ስለሆነ ሁለቱን በአንድ መርፌ መቅዳት ይቻላል፤ ለትንሽ ልጅ ደም ቁጠባ ትልቅ ነገር ነው። ቲዩቦቹ ግን ይለያያሉ። ታክሮሊመስ በቀይ ሕዋስ ውስጥ ስለሚደበቅ ሙሉ ደም በኤዲቲኤ፣ ሐምራዊ ክዳን ባለው ቲዩብ ይገባል፤ አይሽከረከርም። ቮሪኮናዞል ጄል በሌለው ቲዩብ ተቀድቶ ተሽከርክሮ ሴረሙ ወይም ፕላዝማው ወደ ሌላ ትንሽ ቲዩብ ይገለበጣል። ቢጫ ክዳን ያለው ባለ ጄል ቲዩብ ይቅር፤ ጄሉ መድኃኒት ሊመጥ ይችላል። መድኃኒቱ በሚገባበት የደም ሥር መስመር በኩልም አይቀዳ። በፕላስቲኩ ላይ የቀረችው ጠብታ ውጤቱን ወደ ሰማይ ትሰቅለዋለች።

መለኪያው ማሽን በየሆስፒታሉ ስለሌለ ናሙናው ይጓዛል። ከሐረር ከሆነ የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ 50 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ቮሪኮናዞል ከቀይ ሕዋስ ከተለየ በኋላ በቀላሉ አይበላሽም፣ ቢሆንም በበረዶ ሳጥን ይሂድ፤ ሙሉ ደሙ ደግሞ በረዶውን በቀጥታ እንዳይነካ በጨርቅ ይጠቅለል፣ በረዶ ከሠራ ቀይ ሕዋሱ ይፈነዳል። ዓርብ መቅዳት መልካም አይደለም፤ ቅዳሜና እሑድን የትም ጥግ ያድራል። አብሮ የሚሄደው ወረቀት ላይ ክብደት፣ ዶዝ በሚሊግራም፣ ሽሮፕ ወይም ኪኒን ወይም በደም ሥር መሆኑ፣ የመጨረሻው ዶዝ ሰዓት፣ የተቀዳበት ሰዓት፣ ሌሎቹ መድኃኒቶች ሁሉ ይጻፉ። ይህ ወረቀት የሌለው ናሙና ባይላክ እንመርጣለን።

ውጤቱ ሲመጣ የሚፈለገው ከ1 እስከ 5.5 ሚሊግራም በሊትር ነው። አንዳንድ ላቦራቶሪ በናኖግራም በሚሊ ሊትር ይጽፋል፤ ያኔ ክልሉ ከ1000 እስከ 5500 ነው። ከ1 በታች ሲሆን ዶዝ ከመጨመር በፊት ሲሪንጁን አሳዩን ይባላል፦ ስንት ትሞያለሽ፣ ጠርሙሱን ታናውጫለሽ፣ ከምግብ ጋር ነው፣ ያስመልሰዋል? ሁሉም ትክክል ከሆነ በኪሎ 1 ሚሊግራም ይጨመራል፤ ለ12 ኪሎው ልጅ ከ2.7 ወደ 3 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ሳንባው ውስጥ አስፐርጊለስ ያለበት ልጅ 0.3 ካሳየ ግን በዚህ እርምጃ መንፏቀቅ አይቻልም፤ በዚያው ቀን ወደ ንቅለ ተከላ ቡድኑ ተደውሎ ትልቅ ጭማሪ ወይም ሌላ መድኃኒት ይወሰናል። ከ5.5 በላይ ሲሆን ልጁ ይታያል፦ የሌለ ነገር ያያል፣ ብርሃን ይረብሸዋል፣ ይቃዣል፣ የጉበት ኢንዛይሙ ወጥቷል? ምልክት ካለ አንድ ዶዝ ተዘሎ መጠኑ ይቀነሳል። ስንቀንስ የምንጠብቀው ለውጥ ከቅናሹ ጋር እኩል ላይሆን ይችላል፤ በአዋቂዎች ላይ ከ200 ወደ 300 ሚሊግራም መጨመር በደም ውስጥ ያለውን ሁለት እጥፍ ተኩል ያደርሰዋል፣ መውረዱም እንዲሁ ያስደነግጣል።

የጉበት ኢንዛይም መውጣት እዚህ ልጅ ላይ አስቸጋሪ ነው። መድኃኒቱ ሊሆን ይችላል፤ ሰውነቱ ጉበቱን እየተቃወመ ሊሆን ይችላል፤ የሐሞት ቧንቧ መጥበብ፣ የደም ሥር መዘጋት ወይም ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ ሊሆን ይችላል። ቮሪኮናዞልን ብቻ ተጠያቂ አድርጎ ማቋረጥ ሰውን የሚፈታተን ስሕተት ነው። በአንድ ቀን ቮሪኮናዞልና ታክሮሊመስ ይለኩ፣ በዶፕለር አልትራሳውንድ ደም ሥሩና ቧንቧው ይታይ።

ታክሮሊመስ ብቻውን አይታይም። ቮሪኮናዞል ወይም ፖሳኮናዞል ሲጀመር የታክሮሊመስ ዶዝ ወደ ሢሶ ይወርዳል፤ በታክሮሊመስ ፋንታ የሚወስደው ሳይክሎስፖሪን ከሆነ በቮሪኮናዞል ጊዜ ወደ ግማሽ። ሌላው የዚሁ ወገን መድኃኒት ሲሮሊመስ ከቮሪኮናዞል ጋር ጨርሶ አይሰጥም። በመጀመሪያው ሳምንት ታክሮሊመስ በየ2 ወይም 3 ቀኑ ይለካል። ተቅማጥ ሲመጣ ነገሩ ይጠላለፋል፦ ታክሮሊመስ ይወጣል፣ የአፍ ቮሪኮናዞል ደግሞ ሊወርድ ይችላል።

ታክሮሊመስ ከልክ ሲያልፍ ልጁ ይንቀጠቀጣል፣ ደም ግፊቱ ይወጣል፣ አንዳንዴም ያንዘፈዝፈዋል። ድንገተኛ ክፍል ደርሶ ለማንዘፍዘፉ ፊኖባርቢታል ወይም ፊኒቶይን ከተጀመረለት ቮሪኮናዞሉም ታክሮሊመሱም ይወድቃሉ። ሌቬቲራሴታም ከሁለቱም ጋር አይጣላም፤ እሱ ይመረጥ። የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ከዚህም የከፋ ነው፣ ቮሪኮናዞልን ከ90 በመቶ በላይ ያጠፋል። ቤት ውስጥ የቲቢ ታማሚ ስላለ ልጁ ለመከላከያ 3 ወር የሚወሰደው የሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ ቅልቅል ቢሰጠው፣ በደግ ሐሳብ ጉበቱን ልናሳጣው ነው። በየሳምንቱ የሚወሰደው ሪፋፔንቲን ያለበትም ያው ነው። አይሶናያዚድ ብቻውን፣ የጉበት ኢንዛይም እየታየ፣ ከንቅለ ተከላ ቡድኑ ጋር ተመካክሮ ይሰጥ።

ወባም አለ። በ2022 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ላይ በደረቅ ወቅት የተነሣው ወረርሽኝ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ከተባለችው የከተማ ትንኝ ጋር የተያያዘ ነበር፤ ስለዚህ «ወቅቱ አይደለም» ብሎ ትኩሳትን ማለፍ አይቻልም። የወባ መድኃኒቱ ኮአርተም ግን ከቮሪኮናዞል ጋር ሲገናኝ የልብ ምት መስመሩን፣ ኪውቲ የሚባለውን፣ ሊያስረዝም ይችላል፤ ታክሮሊመስ ደግሞ ማግኒዥየምን ያወርዳል። ከመጀመሩ በፊት ኢሲጂ ይነሣ፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም ይታዩ። ጥቁር አዝሙድ በማር፣ ዳማከሴ፣ ግሬፕፍሩት፣ የመሳሰሉትም ይጠየቁ። ወላጅን ሳይቆጡ መጠየቅ ይሻላል፤ የተቆጡት ወላጅ ይደብቃል።

ቮሪኮናዞል ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣል፤ ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ የቆዳ ካንሰር ድረስ ያደርሳል። ከ4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ልጁ ጥላ ሥር ይሁን፣ ሲወጣ ባርኔጣና እጅጌ ያለው ልብስ ይልበስ። ከወራት በኋላ አጥንቴን የሚል ልጅ ደግሞ ከመድኃኒቱ የሚወጣ ፍሎራይድ ተጠራቅሞበት ሊሆን ይችላል።

ስለቀሩት ሁለቱ ባጭሩ፦ ፖሳኮናዞል ለመከላከያ ከ0.7፣ ለሕክምና ከ1 በላይ ይፈለጋል፤ ሽሮፑ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይሰጣል፣ ኪኒኑ አይፈጭም፣ አንዱ በሌላው ምትክ በእኩል ሚሊግራም አይቀየርም። የኢትራኮናዞል ካፕሱል ምግብና አሲድ ይፈልጋል፣ ፈሳሹ ባዶ ሆድ፤ ኦሜፕራዞል የሚወስድ ልጅ ላይ ካፕሱሉ በደንብ አይሠራም።

የፈንገሱ ሕክምና አልቆ ቮሪኮናዞል የሚቆምበት ቀን ከጀመረበት ቀን እኩል ጥንቃቄ ይፈልጋል። ያንን ቀን ሢሶ የተደረገው የታክሮሊመስ ዶዝ እንዳለ ከቀረ፣ በቀናት ውስጥ መጠኑ ወርዶ ሰውነቱ ጉበቱን መቃወም ይጀምራል። ስለዚህ የማቆሚያው ትእዛዝ ላይ አዲሱ የታክሮሊመስ ዶዝና የሚለካባቸው ቀናት አብረው ይጻፉ፦ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ14ኛው ቀን፣ ከጠዋቱ 1:30፣ መድኃኒቱ ሳይሰጥ።